ወርቁ አልበራ ላላችሁ፦ ቀይ የሚያበራ የወርቅ ናኖክላስተር አሠራር፣ ከዛ በሙቀት በመዳብ እና በአልኮል መፈተን

በቴሌግራም የሚደርሰኝ ፎቶ ሁሌ ያው ነው። ቡናማ ፈሳሽ ያለበት ቲዩብ፣ ከሥሩ የዩቪ መብራት፣ ከታች ደሞ "ለምን አይበራም?" የሚል ጥያቄ። አንዳንዱ በርቶለት "ይሄ ሰማያዊ ብርሃን ልክ ነው ኣ?" ይለኛል፣ ልክ አይደለም፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ መጻፍ ስለደከመኝ በቃ አንዴ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልጻፈው፣ ከዚ በኋላ የጠየቀኝን ሰው ሊንኩን ነው የምልክለት።

ለጀማሪ በሁለት መስመር፦ ናኖክላስተር ማለት ከጥቂት እስከ መቶ ምናምን የሚሆኑ የሜታል አተሞች ጥቅል ነው፣ ስፋቱ ከ2 ናኖሜትር በታች። የጣት ቀለበት ወርቅ አያበራም፣ ይሄን ያህል ሲያንስ ግን ኤሌክትሮኖቹ እንደ ደረጃ በተለያየ እርከን ላይ ስለሚቀመጡ ብርሃን ይውጣሉ፣ ከዛ ሌላ ቀለም አድርገው ይተፉታል። አተሞቹ አብዛኞቹ ውጪ ላይ ስለሆኑ ደግሞ የነካቸው ነገር ሁሉ፣ ሙቀት በሉት የመዳብ አዮን በሉት አልኮል በሉት፣ ብርሃኑን ይቀይረዋል። እዚህ የምንሠራው በቢኤስኤ (ከላም ደም የሚወጣ ፕሮቲን ነው) የተሸፈነውን፣ ወደ 25 የወርቅ አተም ያለውን እና 640 ናኖሜትር አካባቢ ቀይ የሚያበራውን ነው። አሠራሩ በ2009 ከሲንጋፖር የወጣው ነው፣ ከፕሮቲኑ ሌላ ወርቁን የሚቀይር መርዛም ኬሚካል አይጨመርበትም ሙቀቱም 37 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ለጀማሪ ከዚ የተሻለ አላውቅም።

ይሄ የላብ ሥራ ነው፣ ቤት ውስጥ አይሠራም። ሱፐርቫይዘራችሁ ይወቀው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የወርቅ ጨው፣ ማለትም ክሎሮኦሪክ አሲድ ትራይሃይድሬት (ሞለኪውላር ክብደቱ 393.8)። ብልቃጡ ላይ ትራይሃይድሬት መሆኑን አንብቡ፣ ካልሆነ ሒሳቡ ይፋለሳል።
- ቢኤስኤ፣ 250 ሚሊግራም ለአንድ ሥራ። ለማወዳደሪያው፣ ወርቅ ለማይገባበት ቲዩብ፣ ሌላ 250 ለብቻ ያዙ።
- ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ
- ዲአዮናይዝድ ውሃ። ከጋራዥ የሚገዛ "የባትሪ ውሃ" ይሆናል ወይ ለምትሉኝ፣ አይሆንም፣ በዛ ስም የሚሸጠው አንዳንዱ ውሃ ነው አንዳንዱ ደሞ ራሱ አሲዱ ነው።
- አዲስ የፕላስቲክ ቲዩቦች (ባለ 15 እና ባለ 50 ሚሊሊትር)፣ ፒፔት፣ የፒኤች ወረቀት፣ ቴርሞሜትር
- ማግኔቲክ ስተረር (ፈሳሹን በማግኔት ፍሬ የሚያማስል)፣ ዋተር ባዝ ወይ ኢንኩቤተር (ሙቀት የሚያስጠብቁ)
- 365 ናኖሜትር የዩቪ መብራት። ላብ ውስጥ ከሌለ ሱቅ ውስጥ ብር ፎርጅድ መሆኑን የሚያዩበት መብራት ብዙ ጊዜ ይሠራል። ርካሹ ወይን ጠጅ የሚያበራ ባትሪ ግን አብዛኛው 395 ነው፣ የራሱ ብርሃን ስለሚበዛ ቀዩን ይሸፍንባችኋል።
- የዳያሊሲስ ሜምብሬን (ትንንሹን ሞለኪውል አሳልፎ ትልቁን የሚያስቀር ስስ ከረጢት)፣ ከ12 እስከ 14 ኪሎዳልተን
- ለፈተናው፦ ኮፐር ሰልፌት ባለ 5 ውሃ፣ ኢዲቲኤ ዳይሶዲየም (የሜታል አዮን የሚነጥቅ)፣ ሄፔስ በፈር (ፒኤች እንዳይለዋወጥ የሚይዝ)፣ ግሉታታዮን (ሰልፈር ያለው ትንሽ ሞለኪውል)፣ ንጹሕ ኢታኖል (99% እና ከዛ በላይ)
- ግላቭ፣ የዓይን መነጽር፣ ጋውን
- ፔርሙዝ። አዎ የሻይ ፔርሙዝ፣ ሰፊ አፍ ያለው። ለምን እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ ታዩታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፣ ሳታነቡ እንዳታልፉ

የወርቅ ጨው ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ የነካውን ቆዳ ደግሞ ሐምራዊ ያደርገዋል፣ በሳሙናም አይለቅም። እኔ አንዴ ግላቭ የተበሳ ሳላይ ሠርቼ አመልካች ጣቴ ሳምንት ሙሉ የምርጫ ቀለም የነካው መስሎ ነው የከረመው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ዓይን ውስጥ ከገባ ቀልድ የለውም፣ ወዲያው ቢያንስ 15 ደቂቃ በብዙ ውሃ ማጠብ እና ሐኪም ጋ መሄድ ነው። የዩቪ መብራት ደሞ ቀጥታ አትዩ። ጀርም መግደያውን ባለ 254 ናኖሜትር መብራት ጭራሽ አትጠቀሙበት፣ ዓይን እና ቆዳ ያቃጥላል።

አሠራሩ

1. ዕቃ። አዲስ ያልተነካ የፕላስቲክ ቲዩብ ተጠቀሙ በቃ። ብዙ ፕሮቶኮል ላይ "ብርጭቆውን በአኳ ሬጂያ እጠቡ" ይላል፣ ልክ ነው፣ ምክንያቱም ብርጭቆው ላይ የቀረች የድሮ ወርቅ ወይም ጭረት ካለች አዲሱ ወርቅ እሷ ላይ ሄዶ ይከመራል፣ ክላስተር መሆኑ ቀርቶ ትልቅ ቅንጣት ይሆናል። ግን አኳ ሬጂያ (3 እጅ ሃይድሮክሎሪክ፣ 1 እጅ ናይትሪክ) በጣም አደገኛ ነው፣ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ፊውም ሁድ (ጭሱን የሚስበው ሳጥን) ሳይኖር አትንኩት፣ ክዳን አትክደኑበት፣ አሴቶን ወይ አልኮል የነካው ዕቃ ላይ አታፍስሱት። ለ10 ሚሊሊትር ሥራ አዲስ ቲዩብ እያለ ምን አስጨነቃችሁ። የማግኔቷ ፍሬ ግን አዲስ ካልሆነች ችግሩ ከእሷ ሊመጣ ይችላል፣ ግራጫ ነጠብጣብ ካለባት ቀይሯት።

2. የወርቅ ስቶክ (እየቀጠነ የሚሠራበት ወፍራሙ መነሻ ፈሳሽ)። የወርቁ ጨው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ ሚዛን ላይ እያያችሁት ይረጥባል፣ ቁጥሩም ዝም ብሎ ይጨምራል። ስለዚህ 20 ሚሊግራም ለመመዘን አትታገሉ። የ1 ግራሙን ብልቃጥ ሙሉውን በ25.4 ሚሊሊትር ውሃ አሟሙት፣ 100 ሚሊሞላር ስቶክ ይሆናል። በፎይል ጠቅልላችሁ ፍሪጅ (4 ዲግሪ) አስቀምጡት፣ ብርሃን ቀስ እያለ ስለሚያበላሸው። ለሥራው ከዚህ 0.5 ሚሊሊትር ወስዳችሁ 4.5 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ ስትጨምሩት 5 ሚሊሊትር ባለ 10 ሚሊሞላር ይኖራችኋል። የግድ ከመዘናችሁ የብረት ስፓቹላ አታስገቡ፣ ወርቁ ከብረቱ ጋር ይለዋወጥና ስፓቹላው ላይ ይለጠፋል። በፕላስቲክ ወይ በብርጭቆ ዘንግ።

3. ቢኤስኤ። 250 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር ውሃ። ዱቄቱን ከላይ በተን አድርጋችሁ ተዉት፣ 20 ደቂቃ ምናምን ውስጥ ራሱ ይሰምጣል። ቸኩላችሁ ከመታችሁት እንደ በሶ ይጓጉላል፣ ውጪው ርሶ ውስጡ ደረቅ ይሆናል፣ ላዩም አረፋ ይሞላል። አረፋው ላይ ያለው ፕሮቲን ቅርጹን ይለቃል፣ እኛ ደሞ ፕሮቲኑን ነው የምንፈልገው፣ ወርቁን አቅፎ የሚይዘው እሱ ነው።

4. ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ 1 ሞላር። 0.4 ግራም ውሃ ውስጥ አሟሙታችሁ 10 ሚሊሊትር ሙሉ። የዛሬ ይሁን። ሲቆይ ከአየር ካርቦንዳይኦክሳይድ እየወሰደ ይዳከማል፣ "ባለፈው ሴሚስተር የተሠራ አለ" ብላችሁ ከመደርደሪያ አንስታችሁ ከተጠቀማችሁ ወርቁ ላይበራ ይችላል። እኔ ጋ ከሚመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ መልሳቸው እዚህ ጋ ነው።

5. ወርቁንም ቢኤስኤውንም ለየብቻ 37 ዲግሪ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆዩ። አንዱ ቀዝቃዛ አንዱ ሙቅ ሆነው ከተገናኙ ሥራችሁ ከቀን ቀን ይለያያል።

6. መቀላቀል። ቢኤስኤውን ስተረር ላይ አድርጉና ፈጠን አድርጉት፣ አረፋ እስከሚያነሳ ግን አይደለም። ከዛ 5 ሚሊሊትሩን ወርቅ አንዴ ጨምሩበት። ወርቅ ወደ ፕሮቲን ነው፣ በተቃራኒው አይደለም። ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል፣ ደፍረስ ሊል ይችላል፣ አትደንግጡ።

7. ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዛ 0.5 ሚሊሊትር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ። ይሄ ደረጃ የሁሉም ነገር ልብ ነው ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው። በሁለቱ ደቂቃ ውስጥ የወርቁ አዮን ፕሮቲኑ ላይ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ቢኤስኤ 35 ሲስቴይን የሚባሉ ክፍሎች አሉት፣ ሰልፈር ያላቸው ናቸው፣ ወርቅ ደሞ ሰልፈር ይወዳል። ከዛ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ሲገባ ፒኤቹ ወደ 12 ይወጣል፣ በዚህ ፒኤች ላይ ታይሮሲን የሚባሉት የፕሮቲኑ ክፍሎች (ከ10 በላይ ሲሆን ነው የሚነቁት) ለወርቁ ኤሌክትሮን መስጠት ይጀምራሉ። ማለትም ፕሮቲኑ ራሱ ነው ወርቁን የሚቀይረው፣ ራሱም ነው የሚሸፍነው። አሁን አስቡት፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ቀድማችሁ ከጨመራችሁ ወርቁ ቦታ ሳይዝ ነው ሁሉም የሚጀምረው። አሳንሳችሁ ከጨመራችሁ ደሞ ታይሮሲኑ አይነቃም፣ 12 ሰዓት ሙሉ ቢጫ ፈሳሽ ስታሞቁ ታድራላችሁ። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ሙሉ፣ ዓይን ላይ አትመኩ። ከጨመራችሁ በኋላ አንድ ጠብታ በፒኤች ወረቀት እዩ፣ ከ11 በታች ከሆነ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ጨምሩ።

8. 37 ዲግሪ፣ 12 ሰዓት። ማታ ጀምራችሁ ጠዋት መምጣት ነው። መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዛ ፈዛዛ ቡናማ፣ መጨረሻ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ ይሆናል፣ የተጣራ ቡና ዓይነት። በደንብ ከተቀላቀለ በኋላ ስተረር የግድ አይደለም፣ ሙቀቱ ነው የግድ።

መብራት ቢጠፋስ? ይጠፋል። ለዚህ ነው ፔርሙዙ። ፔርሙዙን አስቀድማችሁ በሙቅ ውሃ አሙቁትና ድፉት፣ ከዛ 38 ዲግሪ ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑ በደንብ የጠበቀ ቲዩብ ውስጡ አስገቡና ዝጉት። ሌሊቱን ሙሉ ትንሽ ዲግሪ ቢወርድ ነው፣ መጠበቂያውን ሁለት ሦስት ሰዓት ጨምሩበት። እኔ የመጀመሪያውን ቆንጆ የበራልኝን የሠራሁት በዚህ ነው፣ ዋተር ባዙ እኩለ ሌሊት ላይ ጠፍቶ አድሮ ሁለት ጊዜ ካበላሸብኝ በኋላ። ጊዜ ለማሳጠር ሙቀት የሚጨምሩ፣ በማይክሮዌቭም የሚሠሩ አሉ፣ ይሠራል፣ ግን ፕሮቲኑ እንዳይረጋ መጠንቀቅ ስላለባችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርም።

9. ማየት። ጨለማ ክፍል፣ መነጽር፣ 365 መብራት፣ እና *ሦስት* ቲዩብ። አንዱ ሥራችሁ። ሁለተኛው ሁሉም ነገር ያለው ወርቅ ብቻ የሌለው (በወርቁ ፈንታ ውሃ)፣ እሱንም 12 ሰዓት አብሮ ማቆየት ነው። ሦስተኛው ውሃ። በቀን ብርሃን ቡናማ የነበረው በዩቪ ቀይ ከሆነ ተሳካላችሁ ማለት ነው። ወርቅ የሌለው ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ያሳያል፣ እሱ የፕሮቲኑ የራሱ ብርሃን ነው። ሰማያዊ ብቻ ያያችሁ ሰዎች ያያችሁት ይሄን ነው፣ ወርቃችሁ ክላስተር አልሆነም። ቲዩቡ በጣም ጠቁሮ ምንም ካልታያችሁ ደሞ ከመደምደማችሁ በፊት 10 እጥፍ አቅጥኑና እንደገና እዩ፣ ጠቆር ያለ ፈሳሽ የራሱን ብርሃን መልሶ ይውጣል።

10. ማጽዳት። ዳያሊሲስ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 24 ሰዓት፣ ውሃውን ሦስት አራት ጊዜ ቀይሩ። ቢኤስኤ 66 ኪሎዳልተን ስለሆነ አያመልጥም፣ የሚወጣው ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ እና ያልተያዘው አዮን ነው። ይሄን የሚዘሉት ብዙ ናቸው። ለማየት ብቻ ከሆነ ዝለሉት፣ የሚቀጥሉትን ፈተናዎች ለመሥራት ካሰባችሁ ግን አትዝለሉ፣ ፈተና ለ ላይ ምክንያቱን ታያላችሁ።

ብርሃኑን መፈተን

ፈተና ሀ፣ ሙቀት። ከሁሉም ይሄ ቀላል ነው፣ ለማሳየትም ያምራል። 10 እጥፍ የቀጠነውን ለሦስት ቲዩብ አካፍሉ፣ አንዱን በረዶ ውሃ፣ አንዱን ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱን 50 ዲግሪ ውሃ ውስጥ። አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ አንድ ላይ አሰልፋችሁ በዩቪ እዩ። ቀዝቃዛው ይደምቃል፣ ሙቁ ይደበዝዛል። ሲሞቅ ሞለኪውሉ ይንቀጠቀጣል፣ የዋጠው ጉልበት ብርሃን ሆኖ ከሚወጣ ይልቅ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። አሁን ሙቁን አቀዝቅዙት፣ ይመለሳል። ከ60 ዲግሪ በላይ አትውጡ፣ ፕሮቲኑ እንደ እንቁላል መርጋት ስለሚጀምር ከዛ በኋላ ቢደበዝዝም ቢመለስም የምታነቡት ነገር ትርጉም የለውም። ቀዝቃዛውን በማሽን (በፍሎሮሜትር፣ የሚወጣውን ብርሃን በሚለካው) ስትለኩ የኩቬቱን (ፈሳሹ የሚገባበትን ትንሽ ዕቃ) ውጪ ጥረጉት፣ ላዩ ላይ ጤዛ ይይዝና ብርሃኑን ይበትነዋል፣ "ቀዝቃዛው ለምን ቀነሰ" ብላችሁ ትጨነቃላችሁ።

ፈተና ለ፣ መዳብ ማጥፋት በኢዲቲኤ መመለስ። መጀመሪያ በፈር፦ ሄፔስ 20 ሚሊሞላር (0.477 ግራም በ100 ሚሊሊትር)፣ ፒኤች 7.4። ፎስፌት በፈር አይሆንም መዳቡን ያዘቅጠዋል፣ ትሪስ የሚባለው በፈርም አይሆንም መዳቡን ራሱ ይይዘዋል። 1 ሚሊሊትር ክላስተር ከ9 ሚሊሊትር ሄፔስ ጋር። ኮፐር ሰልፌት 25 ሚሊግራም በ10 ሚሊሊትር (10 ሚሊሞላር)፣ ኢዲቲኤ 37 ሚሊግራም በ10 ሚሊሊትር (እሱም 10)።

ከቀጠነው ክላስተር 2 ሚሊሊትር ወስዳችሁ መዳቡን 4፣ ከዛ እስከ 10፣ ከዛ እስከ 20 ማይክሮሊትር ድረስ እየጨመራችሁ በየመሀሉ እዩት። 20፣ 50፣ 100 ማይክሮሞላር መሆኑ ነው። ቀዩ ደረጃ በደረጃ ይሞታል። መዳቡ ፕሮቲኑ ላይ ይቀመጥና ለተነቃው ኤሌክትሮን ብርሃን የሌለው ሌላ መውጫ ይከፍትለታል። ከዛ ኢዲቲኤ 50 ማይክሮሊትር ጨምሩ፣ ኢዲቲኤው መዳቡን ነጥቆ ይወስዳል፣ ብርሃኑ ይመለሳል። ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ይሄንን ጠብቁት። ጎን ለጎን ውሃ ብቻ የተጨመረበት ቲዩብ ይኑራችሁ፣ አለዚያ "በመዳቡ ጠፋ" ይሁን "ስለቀጠነ ቀነሰ" አትለዩትም።

አሁን ዳያሊሲስ ለዘለላችሁ። ፈሳሹ ገና ፒኤች 12 ላይ እያለ መዳብ ስትጨምሩበት ሐምራዊ ይሆናል፣ ሰው ደስ ብሎት ፎቶ ይልክልኛል። ወገን፣ ያ ባዩሬት ነው! ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለን ፕሮቲን ለማወቅ የሠራነው ራሱ፣ መዳብ ከፕሮቲን ጋር በአልካላይን ውስጥ የሚሰጠው ቀለም። ከክላስተሩ ጋር አይገናኝም፣ ብርሃኑም የቀነሰው ቀለሙ ስለዋጠው ሊሆን ይችላል።

ሜርኩሪስ? እውነት ነው ይሄ ክላስተር የሚታወቀው በሜርኩሪ መለያነቱ ነው፣ እስከ 0.5 ናኖሞላር ድረስ እንደሚያይ በ2010 ታትሟል፣ የሜርኩሪው አዮን ከወርቁ ጋር ስለሚጣበቅ ነው የሚያጠፋው። ግን ለልምምድ ብላችሁ የሜርኩሪ ጨው አትክፈቱ፣ ቆሻሻውን የት ታደርጉታላችሁ? መዳቡ ሐሳቡን በደንብ ያሳያል። መዳብም ስለሚያጠፋው ደሞ "ጠፋ ስለዚህ ሜርኩሪ አለ" ማለት እንደማይቻል ከዚሁ ተማሩ፣ ቴሲስ ዲፌንስ ላይ የምትጠየቁት ይሄን ነው።

ፈተና ሐ፣ አልኮል። ይሄ በቢኤስኤው አይሠራም፣ ፕሮቲኑ አልኮል ውስጥ ይዘቅጣል። ሌላ ትንሽ ሥራ ነው፣ በግሉታታዮን። ንጹሕ ቲዩብ ውስጥ 4.35 ሚሊሊትር ውሃ፣ 0.5 ሚሊሊትር ባለ 20 ሚሊሞላር ወርቅ (ስቶኩን 5 እጥፍ አቅጥኑት)፣ ከዛ 0.15 ሚሊሊትር ባለ 100 ሚሊሞላር ግሉታታዮን (30.7 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር፣ ወዲያው የተሠራ፣ ሲያድር ከአየር ጋር ይበላሻል)። በክፍሉ ሙቀት አማስሉት፣ ቢጫው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋና ውሃ ይመስላል። ይሄ ገና ክላስተር አይደለም፣ ወርቁና ግሉታታዮኑ ተያይዘው የተሠሩ ሰንሰለቶች ናቸው፣ በዩቪም አይበሩም።

ከዚህ 50 ማይክሮሊትር ወስዳችሁ 950 ማይክሮሊትር ኢታኖል ውስጥ ጨምሩ፣ ሌላ 50 ደሞ 950 ውሃ ውስጥ። በዩቪ እዩዋቸው። ውሃው ውስጥ ያለው ጨለማ፣ ኢታኖሉ ውስጥ ያለው ቢጫ ሆኖ ይበራል። እኔ ይሄን በገዛ ዓይኔ መጀመሪያ ሳይ ቲዩቡን አቀያየርኩት እንዴ ብዬ ደግሜ ነው የሠራሁት። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ኢታኖል ሲበዛ ሰንሰለቶቹ አንድ ላይ ይከማቻሉ፣ ሲከማቹ መወዛወዝ ያቆማሉ፣ ሳይወዛወዙ የቀረው ጉልበት በብርሃን ይወጣል። ውሃ ስትጨምሩበት ይበተናሉ፣ ብርሃኑም ይጠፋል።

እዚህ ጋ የሚሳሳቱት በአልኮሉ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው አልኮል 70% ነው፣ ሳኒታይዘሩም ግሊሰሪን ምናምን አለበት፣ 95% ለመድረስ የግድ ንጹሑን ኢታኖል ያስፈልጋችኋል። ኢታኖል ከሆት ፕሌት አጠገብ አታድርጉ ደሞ።

የቀረውን የግሉታታዮን ፈሳሽ አትድፉት፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ 70 ዲግሪ ላይ ቀስ እያለ እየተማሰለ 24 ሰዓት ካቆያችሁት ያለ አልኮልም የሚያበራ ብርቱካናማ ክላስተር ይሆንላችኋል፣ 610 ናኖሜትር አካባቢ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምን ላይ ነው

*ሮዝ ወይም ወይን ጠጅ ሆነብኝ።* ትልልቅ የወርቅ ቅንጣት ሠርታችኋል፣ 520 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይውጣሉ እንጂ አያበሩም። ዕቃው ቆሻሻ ነበር፣ ወይ ሙቀቱ አልፏል፣ ወይ ፕሮቲኑ አንሷል። ማስተካከያ የለውም፣ እንደ አዲስ ጀምሩ።

*ጠዋት ስመጣ ቢጫ ነው።* ፒኤች። ሁሌ መጀመሪያ ፒኤች እዩ። እሱ ልክ ከሆነ ሌሊት ሙቀቱ ጠፍቶ ነበር።

*ከዳያሊሲስ በኋላ አሲድ ስጨምር ነጭ ሆነ።* ፒኤች 4.7 አካባቢ ቢኤስኤ ቻርጁ ዜሮ ስለሚሆን ይሰባሰባል። ደመናው ብርሃን ስለሚበትን የምታነቡት ቁጥር ውሸት ነው።

*ማሽኑ ላይ 640 ላይ ቀጭን ረጅም ፒክ አገኘሁ።* በ320 ናኖሜትር ብርሃን ነው ያነቃችሁት አይደል? ማሽኑ የገባውን ብርሃን እጥፍ ላይ ድጋሚ ያሳያል፣ 320 ሲታጠፍ 640 ነው፣ ልክ ክላስተሩ የሚያበራበት ቦታ! ውሃ ብቻ አስገብታችሁ እዩ፣ ፒኩ እዛው ካለ ወርቅ አይደለም። በ365 ወይም በ480 አንቁ። የክላስተሩ እውነተኛ ፒክ ሰፊ ነው፣ ማንቂያውን ትንሽ ስትቀይሩ አብሮ አይሮጥም። ስትለኩም በምታነቁበት ቦታ አብዞርባንሱ (ፈሳሹ የሚውጠው የብርሃን መጠን) ከ0.1 በታች እስኪሆን አቅጥኑ።

*ኳንተም ይልዱ (ከዋጠው ብርሃን መልሶ የሚተፋው ድርሻ) 6% ብቻ ነው፣ ተበላሸ?* አልተበላሸም። የዚህ ክላስተር ኳንተም ይልድ በመጀመሪያውም ወደ 6% ነው፣ የግሉታታዮኑ ወደ 15% ይደርሳል።

*ቢኤስኤ የለንም፣ የእንቁላል ነጭ ይሆናል?* ይሆናል፣ የተሠራበትም ነው፣ አቅጥናችሁ በጨርቅ አጥልላችሁ ተጠቀሙ። ግን ከእንቁላል እንቁላል ስለሚለያይ ለማሳየት እንጂ ቁጥር ለማውጣት አይሆንም።

ማስቀመጥ እና ቆሻሻ

የጸዳውን በፎይል ጠቅልላችሁ 4 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ፣ ለወራት ይቆያል። ፍሪዘር ውስጥ አትክተቱት። ቀን፣ ፒኤች እና "ወርቅ-ቢኤስኤ" ብላችሁ ጻፉበት፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለ ስም የሌለው ቡናማ ቲዩብ ሁሉ አንድ ቀን በጽዳት ተደፍቶ ነው የሚያልቀው። ቆሻሻውን በሁለት ዕቃ ለዩት፣ መዳብ የነካውን ለብቻ፣ ወርቅ ብቻ ያለውን ለብቻ፣ የተበላሸውን ወይን ጠጁንም እዛው ጨምሩ፣ የመጀመሪያውን የዳያሊሲስ ውሃም። ሲንክ ውስጥ አይደፋም፣ ሲሞላ ወርቁን መልሶ ማውጣት ይቻላል።